በመዝገብ ሦስት፣ በበረት አሥራ አንድ

ስለ ትዳሬና ስለ ልጆቼ አልጽፍም። የማንም ጉዳይ አይደለም። የምጽፈው ስለ ላሞቼና ስለ አንድ መሬት ነው፤ እግረ መንገዴን ስለ ሁለት ሰዎችም እጽፋለሁ፣ ሁለቱም ይህን ነገር በየሻይ ቤቱ እንዳሻቸው አድርገው ሲያወሩት ኖረዋልና። ስማቸውን አልጠራም። ሽንፋ ለሚኖር ሰው መጥራት አያስፈልግም፤ ሽንፋ ለማይኖር ደግሞ ምን ያደርግለታል?

አንደኛው የቀበሌያችን የመሬት ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ሰው ሁሉ «እርስዎ» ይለዋል፣ እኔ «አንተ» ነው የምለው። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ በሳሉግነት፣ በቀን ሠራተኛነት ማለቴ ነው፣ የመጣ ሰሞን ደረቱ በአቧራ ታፍኖ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለ። አንድ ጣሳ ወተት ሰጠሁት። ጠጥቶ ጨረሰና ጣሳውን ገልብጦ አየው። «ትንሽ ቀጠነ» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ»ን የረሳ ሰው ይህን አልረሳም። ሹመት ካገኘ በኋላ በአንድ ሠርግ ላይ «የእሷ ላሞች እኮ ወንዝ ውስጥ ቆመው ነው የሚታለቡት» ብሎ ድንኳኑን ሙሉ አሳቀ። ወተቴን ውሃ ነክቶት አያውቅም። በጋ ላይ አገዳ ብቻ የምትበላ ላም ወተቷ ይሳሳል፣ ከብት ያረባ ያውቀዋል። እሱ ያን ጊዜ ከብት አላረባም ነበር።

ሁለተኛዋ ጎረቤቴ ናት። በመካከላችን የእሾህ አጥር ብቻ አለ።

ወተት ከሩቅ ለሚያየው ቀላል እንጀራ ይመስላል። በእኛ ቆላ ጠዋት የታለበ ወተት ቀትርን አይሻገርም። ስለዚህ ፀሐይ ሳትበረታ ለሻይ ቤቶችና ለከባድ መኪና ሾፌሮች እሸጣለሁ፤ የቀረውን ሱዳኖቹ ሮብ የሚሉት እርጎ አደርገዋለሁ። ጾም ሲገባ ግማሹ ደንበኛ ይጠፋል። ላም ግን አትጾምም። የዝንቡ በሽታ፣ ገንዲ፣ አለ፤ ለእሱ የሚወጋው መድኃኒት አንዳንዴ ከበሽታው ብሶ ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው መኖ ነው። ቀድሞ ኡምባዝ፣ ሰሊጥ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ፣ ከሱዳን በኩል በጆንያ በጆንያ ይገባ ነበር። ማዶው ሰላም ካጣ ወዲህ አንድ ጆንያ ኡምባዝ ለማግኘት ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው የቀረኝ።

እንደ ሌሎቹ ላሞቼን ሸጬ እንዳልቀመጥ ያደረገኝ ከወንዙ በላይ ያለው መሬቴ ነው። ሙሉ ሣር ነው። ክረምቱ ሲወጣ አሳጭጄ እከምረውና በጋውን እሻገርበታለሁ። ያ መሬት ከሌለ ላሞቹም የሉም፣ ላሞቹ ከሌሉ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው እጅ ጠባቂ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

በእኛ አገር ትራክተር ያልነካው መሬት ባዶ ይባላል። ሣሩ ቁመቴን ቢያህል ባዶ ነው። ሰሊጥ ከተዘራበት ግን ዝናብ ቀርቶበት አንድ ጭብጥ ፍሬ ባይገኝበትም ለምቷል ይባላል። መሬቴን በሦስት ወገን የሚያዋስነኝ አንድ የሰሊጥ ባለሀብት አለ፤ ጎንደር ከተማ ተቀምጦ ነው የሚያርሰው። ትራክተሩ በየዓመቱ በሣሬ በኩል ሲያልፍ ትንሽ ትንሽ ይሳሳታል። አንድም ዓመት ወደ ራሱ በኩል ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ መስከረም ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ከወረዳ የመጣ መነጽር ያደረገ የመሬት ባለሙያ ያልለማ መሬት ሁሉ ተለይቶ ለሚያለማው እንደሚሰጥ ነገረን። በእነሱ አቆጣጠር የእኔም ያልለማ ነው። ቀጥሎ ግን «መኖ የሚያለሙ ወተት አምራቾች፣ መሬቱ ለከብታቸው ብዛት የሚመጥን ከሆነ፣ ይጸናላቸዋል፤ የይዞታ ደብተርም ይሰጣቸዋል» አለ። እጄን አወጣሁ። እኔ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቼ አላውቅም፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እኔ አለሁ» አልኩ። «ወተት አምራች ነኝ።»

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገለጠ። ሲገልጥ ጣቱን በምላሱ ያረጥባል፣ ሆነ ብሎ ቀስ ይላል።

«ላም፣ ሦስት» ብሎ አነበበ። «ያን ሁሉ ሣር ሦስት ላም ነው የሚበላው? ወይስ እርስዎም ያግዟቸዋል?»

ሳቁ። ጎረቤቴም ሳቀች፣ አይቻታለሁ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ወግ ላስረዳ። ከብት አይቆጠርም። ሰው «ስንት ከብት አለሽ?» ቢል «እግዜር የሰጠኝ አለ» ይባላል እንጂ ቁጥር አይጠራም፤ የተቆጠረ ከብት ሰው ዓይን ይገባል፣ ያልቃል። ለመንግሥት ሰው ደግሞ «እግዜር የሰጠኝ» ተብሎ አይመለስም፣ ቅጹ ላይ መጻፊያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ትንሽ ቁጥር እንሰጠዋለን። ግብሩም ከዓይነ ጥላው ጋር አብሮ ይቀንሳል፣ አልዋሽም። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ «ሦስት» ስል ኖሬያለሁ። አራት ላሞች ነበሩኝ፣ ሦስት አልኩ፤ ስድስት ሆኑ፣ ሦስት አልኩ፤ አሥራ አንድ ሆኑ፣ ሦስት። ሰው ለቃሉ ታማኝ መሆን አለበት።

ክትባት ሲመጣም እንዲሁ ነው። ሦስቱን በእኔ ስም አስወጋለሁ፣ የቀሩትን በየጎረቤቱ ስም እልካለሁ። ጎረቤቴ በሕይወቷ ከሁለት ዶሮ በላይ ኖሯት አያውቅም፤ በክትባት መዝገብ ላይ ግን የአምስት ላም ባለቤት ናት። አንዳንድ ጊዜ ስንጣላ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «በመዝገብ እኮ ከአንቺ እኔ እበልጣለሁ፣ እቴዋ» ትለኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

«አሥራ አንድ ናቸው» አልኩ በስብሰባው ላይ። አፌን ሲያሳክከኝ ተሰማኝ።

«ከመቼ ወዲህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ድሮም።»

«ድሮ ሦስት ነበሩ። ይኸው ጣትዎን ያሳረፉበት።»

«ጣቴን ያሳረፍኩት አንተ ‹እዚህ ጋ› ስላልከኝ ነው።»

ባለሙያው መነጽሩን አወለቀ። «እማማ፣ የክትባት መዝገብም አይቻለሁ» አለኝ በትሕትና። «እሱም ሦስት ነው የሚለው። በዚህ ሰፈር ብዙ ላም ያላቸው እኒህ ናቸው።» ጎረቤቴን አሳየኝ። እሷም፣ እግዜር ይይላት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች።

«እስቲ አንቺ ተናገሪ» አልኳት። «የማን ናቸው?»

ጎረቤቴ ሊቀመንበሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ጣሪያውን አየች። ከዚያ «የእሷ ይመስለኛል» አለች።

ይመስለኛል! አሥራ አምስት ዓመት በየጠዋቱ ከእነዚያ ላሞች ወተት የጠጣች ሴት። ጥጃቸው ሲወለድ እንገሩን ከእኔ ቀድማ የቀመሰች ሴት። ይችን «ይመስለኛል» እስከምሞት አልረሳትም። በኋላ ስጠይቃት «ደነገጥኩ» አለችኝ። የደነገጠ ሰው ነጠላ አያስተካክልም።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ዘጋ። «ከሰው ተውሰው አሥራ አንድ ላም ቢያሳዩንስ በምን እናውቃለን?» አለ ለባለሙያው። «ከብት ስም አልተጻፈበት።»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ከብት አርብቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር።

«ስሙን ራሳቸው ይነግሩሃል» አልኩት። «ዛሬ የሰፈሩ ከብት ከወንዝ ሲመለስ መንገድ ላይ ቁሙ። ማንም አይንዳ፣ ማንም አይጥራ። እኔ ደጄን ከፍቼ እቀመጣለሁ። የገባውን ቁጠሩ።»

ባለሙያው ወደደው። የጽሕፈት ቤት ሥራ ስለሰለቸው ይመስለኛል።

ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ አጥሬ አጠገብ ተሰበሰበ፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ ለለቅሶም አይመጣልኝ። እኔ ገንዳው ውስጥ የነበረችኝን የመጨረሻዋን ጆንያ ኡምባዝ ዘርግፌ ነበር። ማጭበርበር ነው የሚል አለ። ላም ቤቷ ስትገባ እራት ማግኘቷ ማጭበርበር አይደለም።

ከብቱ በአቧራ ውስጥ መጣ። የሰፈሩ መንጋ መንታ መንገዱ ላይ ሲደርስ ተበተነ፣ እያንዳንዱም ወደየቤቱ። የእኔዋ ትልቋ፣ ያቺ ቀንደ ጎባጣ፣ ከፊት ሆና ሊቀመንበሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ከዚያ ሌሎቹ። ባለሙያው በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ሲቆጥር እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ «በስመ አብ» እላለሁ። «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ!»

«ይኸው!» አልኩ።

«አሥራ ሁለት» አለ ባለሙያው።

አንዲት ዳለቻ ላም፣ ሻኛዋ የተከመረ፣ ጡቷ የሞላ፣ የኡምባዙ ሽታ ስቧት ከኋላ እየሮጠች መጣችና ገንዳው ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። የእኔ አይደለችም። የቀኝ ጆሮዋ በሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ የማን ምልክት እንደሆነ በሽንፋ የማያውቅ የለም። ሊቀመንበሩ በቅርቡ ገዝቷት ከከተማው ዳር ዘመዱ ዘንድ የሚያስቀምጣት ላም ናት። የሚያስቀምጣት ደግሞ በምክንያት ነው፤ ላም ለሌላቸው ላም የሚሰጥ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ነበርና ከዝርዝሩ አናት ላይ ራሱን ጽፏል።

ዝም ብሎ መሳቅ እንደሚቻል ያን ቀን አየሁ።

«ይቺስ የማን ናት?» አለ ባለሙያው።

ሊቀመንበሩ ደመናውን ይመለከት ጀመር። ደመና አልነበረም።

ጎረቤቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የእሷ ናት!» አለች፣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «የእሷ ለመሆኗ እኔ ምስክር!»

ባለሙያው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «እርስዎስ ያውቋታል?»

«የ... እሳቸው ናት» አለ። ድምፁ በጣም ቀጠነ።

አሥራ ሁለት ተብሎ ተጻፈ፣ ሊቀመንበሩም ፈረመበት። መሬቱ ለመኖ ልማት ጸናልኝ። ደብተሩ በወሩ ደረሰኝ፤ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ የት እንዳለ አልናገርም።

በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ ዱላ ይዞ መጣ።

«ላሚቱን ልውሰድ» አለኝ፣ እንደ ትእዛዝም እንደ ልመናም አድርጎ።

«የትኛዋን?»

«አንቺ ሴት፣ አታድክሚኝ።» ብቻችንን ስንሆን «አንቺ» ነው የሚለኝ።

«እኔ የማውቀው መዝገቡን ነው። ቆይ፣ ፊርማው የማን ነበር?»

ዱላውን መሬት ላይ ተከለውና ተደገፈበት። ጡቷ የሞላ ላም በሰው ቤት የቀረችበት ሰው እንዴት እንደሚቆም አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

ሌሊቱን አስቤበት ነበር። ይቅርታ እንዲለኝ አልፈለግሁም፣ ይቅርታ ይታለባል እንዴ? መሬቱ ጸናልኝ እንጂ ከመሬቱ ወደ ወንዙ የሚወስደውን የከብት መሄጃ የባለሀብቱ ትራክተር አርሶት ነበር። ላሞቼ ውሃ ለመጠጣት ሰሊጡን ዞረው ግማሽ ቀን ይሄዳሉ፤ አንዷ እግሯን ሰሊጥ ላይ ካሳረፈች እከሰሳለሁ። ለዚህ ጉዳይ ቀበሌ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ሊቀመንበሩ ያውቃል፤ ‹ነገ ነይ› የሚለኝ እሱ ነበርና።

«መንገዱን ለካና ድንጋይ ትከልልኝ» አልኩት። «ዛሬ። አንተ ራስህ።»

«ባለሀብቱ ምን ይለኛል?»

«እሱን ለላሚቱ ንገራት።»

በሜትር ለካ። ድንጋይ አስተከለ፣ በግራና በቀኝ፣ እስከ ወንዙ። አንዱን ድንጋይ ወደ እኔ በኩል ጠጋ ሊያደርገው ሲል «ኧረ ተው!» ብዬ አስመለስኩት። ጎረቤቴ አጥሯ ላይ ሆና ጠዋት ሙሉ አየችን፤ ድንጋዩ ሲያልቅ እልል ልትል ቃጣት። ዞሬ አላየኋትም። ከዚያ ዳለቻዋን ፈትቼ ሰጠሁት። በመዝገብ አሁንም የእኔ ናት፤ ግብሯንም እኔ እከፍላለሁ፤ እሱም ፕሮጀክቱ የሰጠውን ላም ወስዶ ላም የሌለው ሆኖ ሁለት ላም ያልባል።

መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሁለት ላም ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሰኔ ሲመጣና ትራክተሩ ሲነሣ በርጩማዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ የመጨረሻው ድንጋይ አጠገብ አስቀምጬ እቀመጣለሁ። ሹፌሩ ማረሻውን ዝቅ አድርጎ ይመጣል፣ ያየኛል፣ ጡሩምባውን ይነፋል።

«እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉ፣ ላዙርበት!»

«ወደዚያ አዙር፣ ልጄ። ወደዚያ ሰፊ ነው።»

ያጉረመርማል፣ ያዞራል። እኔ እስከ ማታ ድረስ አልነሣም።