ጋሽ ሰይድ አንብበው ያልጨረሱት የስንብት ደብዳቤዬ

ዛሬ ከሰዓት የቡድናችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ሰይድ፣ እኔን ከአሰልጣኝነት የሚያሰናብተውን ደብዳቤ ማንበብ ጀምረው መሃል ላይ አቆሙ።

ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈናል። ከኔ በፊት የነበረው አሰልጣኝ የዚሁ የመካነ ሰላም ልጅ ስለሆነ፣ አምስት ሲሸነፍ «ጊዜ እንስጠው» ተብሎ ነበር። እኔ የኩታበር ሰው ነኝ።

ጠዋት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እንግሊዝ አገር ስለተባረረ ጥቁር አሰልጣኝ ስናወራ፣ ጋሽ ሰይድ «ነጭ ቢሆን ይታገሱት ነበር» ብለው ጠረጴዛውን በጡጫ መትተውታል። ሻያቸው የፈሰሰው እኔ ሱሪ ላይ ነው።

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ወላሂ፣ እኛም ከነሱ አልተሻልንም» አሉ። «እሑድ ቡድኑን ይዘህ ግባ።»

አላህ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ጋሼ።

እናንተስ፣ የገዛ ቃሉ ትዝ ብሎት የታረመ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። ቢያንስ እስከ እሑድ አሰልጣኝ ነኝ።