የጋሽ ሙሔ መቀስና የእኔ ዜሮዎች

ሲያትል ዛሬም ከባሕር በላይ ቆማ የምትታየው በእኔ ነው። ቢያንስ አንዱ ሰፈሯ በእኔ ነው። ይህን ለባለቤቴ ገና ሳንጋባ ነግሬያታለሁ። በየሠርጉ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ ነግሬያለሁ። አንድ ጊዜም የጥርስ ሐኪሜ ሁለት እጇን አፌ ውስጥ ከትታ ሳለ ልነግራት ሞክሬ ምላሴን አስወጋሁ። ባለፈው ሳምንት ተራው የልጄ የሜላት ሆነ።

ኦቴሎ ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፓርክ አድርገን፣ ሱሪዬን ላሳጥር ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ እየሄድን ነበር። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ወጣት ባለሦስት እግር መሣሪያ ተክላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና የሱቁን ግድግዳ ታያለች። ግድግዳው ላይ ጣት የምታህል ማስመሪያ ተለጥፋለች። ከመንገዱ ማዶ አጥር ታጥሯል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ሊቆፈር ነው ማለት ነው። እግሬ ቀጥ አለ። ዝናብ ሳይኖር አንገቴ ሥር ቀዝቃዛ ውኃ የወረደ መሰለኝ።

«ይሄን አየሽው?» አልኳት፣ ድንጋጤዬን በጉራ ልሸፍን። «እኔ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ነው ይህችን ከተማ ከመስመጥ ያዳንኳት።»

«ዳድ፣ ፕሊዝ!» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ታስረዳኝ ጀመር። በትምህርት ቤት ስለ ጃካርታ ፖስተር ሠርታለች። በባሕር ዳር ያሉ ትልልቅ ከተሞች ከሥራቸው ውኃ እየሳቡ ራሳቸውን በራሳቸው እንደሚያሰምጡ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። «ሶ፣ አንተ ያደረግኸው ምንድን ነው? ኤግዛክትሊ?»

ኤግዛክትሊ የምትለዋን ቃል ድሮም አልወዳትም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለችው ዴ ሞይን ከአክስቴ ልጅ ጋር በአንዲት ክፍል እኖር ነበር። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ የድስቱ ክዳን ይንቀጠቀጣል፤ ፓይለቱ ወጡን ያሸት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ኦበርን ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር ከርሜ፣ ጥቂት የቅየሳ ትምህርት ቀማመስኩና ሪክ የሚባል ቀያሽ ረዳቱ አድርጎ ወሰደኝ። ሪክ በቀን ከአሥር ቃል በላይ ከተናገረ የሚታመም የሚመስል፣ ጢሙ ዝናብ የሚያጠራቅም ሰው ነበር።

ሥራው ባሕሩ ዳር ባለው ዝቅተኛ ሰፈር ነበር። እዚያ ያለው መሬት የእውነት መሬት አይደለም። የድሮ ሰዎች ኮረብታ እየናዱ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ሰጋቱራ እየደፉ ባሕሩን ሞልተው የሠሩት ነው። ከላይ ጡብ ቤት፣ ከሥር ሰጋቱራና ውኃ። አንድ ሥራ ተቋራጭ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ከመንገዱ ማዶ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጉድጓዱ እንዳይሞላ ፓምፖቹ ያለ ፋታ ይስባሉ። የመጀመሪያው ቀን ሪክ የዕለት አሥር ቃሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ አወጣ። «እነዚህን ቤቶች የያዘው ውኃው ነው። ውኃው ከሥር ከወጣ አፈሩ ይጠጋጋል።» መኪና ላይ ሲንገጫገጭ የሚጎድል ከረጢት እህል ታየኝና ገባኝ።

የእኔ ድርሻ ቀላል ነበር። ኮረብታው አናት ላይ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ሥር፣ በማይነቃነቅ መሬት የነሐስ ምልክት ተተክሏል። ከእሱ ተነስቼ፣ በየግድግዳው የተለጠፉትን ማስመሪያዎች በመሣሪያው እያነበብኩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሦስት ቁልቁለት መንገድ እወርዳለሁ። ታች ስደርስ በጉድጓዱ ትይዩ የተደረደሩትን አሮጌ ቤቶች ግንባር እለካለሁ፤ ትናንት ከነበሩበት ዝቅ ብለው እንደሆነ ይታወቃል። ሪክ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «ሁልጊዜ ከኮረብታው ጀምር» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ሁልጊዜ» አለ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኮረብታው ጀመርኩ። ወሩ ኅዳር ነው። የሲያትል ዝናብ ደግሞ አይወርድም፣ ይለጠፍብሃል እንጂ። ያን መሣሪያ አሥራ ሁለት ጊዜ እየተከልኩ አሥራ ሁለት ጊዜ ስነቅል፣ ከቤቶቹ እኔ ቀድሜ የምሰምጥ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከቤቶቹ በአንዱ ፊት ቆሜ ሳነብ መስኮት ተከፈተ። «አንተ! አበሻ አይደለህም እንዴ? ምን ሆነህ ነው ዝናብ ላይ ተገትረህ ግድግዳዬን የምትሰልለው?»

ጋሽ ሙሔ ነበሩ፤ የደሴ ሰው፣ ልብስ ሰፊ። አንገታቸው ላይ ሜትር፣ ከንፈራቸው ላይ መርፌ አይጠፋም። ከሱቃቸው በላይ ባሉት ሁለት ፎቆች አዛውንት ተከራዮች ይኖሩ ነበር። አንዳንዶቹ ያን ደረጃ ለመውረድ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ናቸው። እነሱን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ ማለት ሲገባኝ አላልኩም።

ወሩ ረመዳን ነበር። «ነገ ለማፍጠሪያ ና» አሉኝ።

«ጋሽ ሙሔ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ።»

«ሆድህም ጴንጤ ነው?»

ሆዴ ምንም እንዳልሆነ በማግስቱ ተረጋገጠ። የአጃ ሾርባው ትኩስ ነበር፣ ቃሪያ የበዛበት የምስር ሳምቡሳም ከዘይቱ እንደወጣ ቀረበ። ከብርዱ ገብቶ ያን የነከሰ ሰው ሁለተኛ ስለ ኮረብታ አያስብም። ጋሽ ሙሔም «ከእንግዲህ በየቀኑ ና» አሉኝ፤ ችግሩ ሰዓቱ ነበር። በዚያ ወቅት ፀሐይ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ትጠልቃለች፤ ወጥታ ከነበረ ማለቴ ነው። እኔ ጠዋት ከሪክ ጋር ሌላ ቦታ ስለምሠራ እዚያ የምደርሰው ከቀትር በኋላ ነው። ከኮረብታው ጀምሬ ስጨርስ መሽቷል። ጋሽ ሙሔ ሰዓቱ ሲደርስ ቴምርና ውኃ ቀምሰው፣ ሰግደው፣ ሾርባውን ከድነው ይጠብቁኛል። ቀኑን ሙሉ ጦመው የዋሉ ሰው እኔ እስክመጣ ሌላ እህል በአፋቸው አይዞርም።

«አይጠብቁኝ ጋሽ ሙሔ» ማለት ነበረብኝ። ያኔ ነው ይሉኝታ ሰተት ብሎ የገባው። እንዲያ ብላቸው ምግባቸውን የናቅሁ ይመስላል፤ ማርፈዱንም አልቻልኩም። የቀረው ኮረብታውን መዝለል ነበር።

ከኮረብታው ሲወረድ የመጨረሻዋ ማስመሪያ ያለችው በጋሽ ሙሔ ደጅ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ነበር። የእሷን የትናንት ቁጥር ጽፌ ከእሷ ብጀምርስ? የመብራት ምሰሶ የት ይሄዳል? የሁለት ሰዓት ሥራ ሩብ ሰዓት ሆነ። ቤቶቹን ከምሰሶው ጋር ሳስተያይ ንቅንቅ አላሉም። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሪክ መዝገቡን አይቶ «ጥሩ» አለ። ተቋራጩም መሬቱ መቻሉን ሲሰማ ሁለት ፓምፕ ጨመረ።

በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጋሽ ሙሔ የክር ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ጥቅሉ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ፣ ወደ ጉድጓዱ በኩል ተንከባለለና ወደቀ። አንስተው መለሱት። አሁንም ሄደ።

«መሣሪያህ ምን ይላል ልጄ?»

«ዜሮ።»

ትልቁን መቀሳቸውን በክር አሰሩና ከጣራው አንጠለጠሉት። መወዛወዙን ሲያቆም ጫፉ ያረፈበት ወለል ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። በማግስቱ መቀሱ ምልክቱን አልፎ ነበር። መቀሱ በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን ምልክቶቹ ሦስት ሆኑ፤ ሦስቱም ወደ መንገዱ ተሰልፈዋል።

«መቀስዎም እንደርስዎ ጦሞ ይሆናላ፣ ራሱን አዞረው» አልኩ።

ሳቁልኝ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ላይ ያሉት ሰዎች በራችን አልዘጋ አለ ይላሉ። የሕንፃው ባለቤት ጋ ኮል ባደርግ፣ የሚለካው ልጅ ምንም የለም ብሏል አለኝ። አንተን ነው ያመንነው። ለመሆኑ ከዚያ ከኮረብታው ጀምረህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ» አልኩና ሌላ ሳምቡሳ አነሳሁ። ስለ ኮረብታው አለቅጥ ጉራ ነዝቼባቸው ስለነበር ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። ያየሁት ግድግዳ ሁሉ ያዘመመ ይመስለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ቆሜ እንኳ መድረኩ ወደየት እንደሚያጋድል አስብ ነበር። ነገ ከኮረብታው እጀምራለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ግን ሌላ ፍርሃት ይይዘኛል። ከላይ ተነስቼ ብለካና ቁጥሩ ቢለያይ፣ ያለፉትን ቀናት ምን ልላቸው ነው? እናም ዜሮ ጻፍኩ። ልብ በሉ፣ ዜሮ ለመጻፍ በጣም ቀላል ቁጥር ነው፤ እጅ እንኳ አያደክምም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ለማፍጠሪያ ስደርስ የሱቁ በር አልከፈት አለ። ጋሽ ሙሔ ከውስጥ ይጎትታሉ፣ እኔ ከውጭ በትከሻዬ እገፋለሁ። ፍሬሙ በሩን ነክሶታል። ከፎቅ አንዲት አሮጊት በመስኮት፣ የእሷም በር እንደተያዘና የጋዝ ሽታ የሸተታት እንደመሰላት ትጮኻለች። ጋሽ ሙሔ በመስታወቱ ውስጥ እንደልማዳቸው ተረጋግተው፣ «አብሽር፣ አብሽር» ይሉኛል፤ የሚያፈጥሩባት ቴምር ግን ገና በእጃቸው ናት።

ያኔ ዞር ስል የመብራት ምሰሶውን አየሁት። ሥሩ ያለው የእግረኛ መንገድ ሞላላ ስንጥቅ አውጥቷል። ለካ ምሰሶውም፣ ቤቶቹም፣ እኔም፣ መንገዱም አብረን ስንወርድ ነው የከረምነው። አብሮህ የሚሰምጥን ነገር ስትለካ ሁልጊዜ ዜሮ ነው።

ወይ በሩን ሰብሬ መግባት፣ ወይ ኮረብታውን መውጣት ነበረብኝ። ለሪክ ደወልኩ። «ፓምፑን አስቁም፣ እሳት አደጋ ጥራ» አልኩና መሣሪያውን ተሸክሜ ሽቅብ ሮጥኩ፤ ያለ ቁጥር ማንም እንደማያምነኝ ዜሮዎቼ አስተምረውኛል። በመንገድ መብራት ከነሐሱ ጀምሬ አሥራ ሁለቱንም በሩጫ ወረድኩ። እንዳልሳሳት እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ምሰሶው የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ወርዶ ነበር። ስደርስ እሳት አደጋ ሰዎች በሩን በመጥረቢያ ከፍተው፣ ጋዙን ዘግተው፣ አዛውንቶቹን በወንበር እያወረዱ ነበር። አሮጊቷ የሸተታት እውነት ነበር። ቧንቧው ተጣሞ በመገጣጠሚያው በኩል ይተነፍስ ነበር። ማንም አልተጎዳም። ጋሽ ሙሔ ዝናቡ ላይ ቆመው ቴምራቸውን በሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው የትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው። ፓምፖቹ ቆሙ። በቤቶቹና በጉድጓዱ መካከል ቀጫጭን ጉድጓዶች ተቆፈሩና፣ ከአንድ በኩል የሚወጣው ውኃ በሌላ በኩል መልሶ ወደ መሬቱ ይገባ ጀመር። ጉድጓዱን ዙሪያውን ውኃ በማያሳልፍ ግድግዳ ከለሉት። ቤቶቹ ባሉበት ቆሙ፤ የወረዱትን ያህል ግን አልተመለሱም። ከመሬት የጠጡትን ውኃ መመለስ ይቻላል፣ የተጠጋጋውን አፈር ግን ማንም አይነፋውም። ጋሽ ሙሔም ያ ሱቅ ስላልሆናቸው ወደ ኦቴሎ መጡ።

ሪክ መዝገቡን ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ አንድ ቦታ ቆመ። «ይሄ ቅባት ምንድን ነው?»

«የመሣሪያው ዘይት ነው።»

«አሥር ቀን ሙሉ ከኮረብታው ጀምረህ ዜሮ ያገኘህ ይመስላል፣ ከዚያ በአንድ ቀን ወረደ» አለ። ከአሥር ቃል በላይ ነበር። ከዚያ መዝገቡን ዘጋ። ተቋራጩ በስሜ የምስጋና ወረቀት አሳተመ፤ ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ መስታወቱን እወለውለዋለሁ።

ይህን ሁሉ ሳስታውስ ሜላት ክንዴን ጎትታ ወደ ጋሽ ሙሔ የኦቴሎ ሱቅ አስገባችኝ። ጋሽ ሙሔ እርጅና ተጫጭኗቸው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ናት። ያ መቀስ ከጣራው በክር ተንጠልጥሎ አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሥሩ አንዲት የጠመኔ ምልክት። «የሚለካ ሰው ስላየሁ ሰቀልኩት» አሉ። ከዚያ ለሜላት፣ «አባትሽ ነው ያወጣን። ማሻአላህ፣ በዚያ ዝናብ በየቀኑ ያን ዳገት ሲወጣ!»

ሜላት ዞራ አየችኝ። ሱሪዬን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ወጣሁና ብርቱካናማዋን ልጅ ከየት እንደምትጀምር ጠየቅኋት። ሳታስብ ባቡሩን ተሻግሮ ያለውን ኮረብታ አሳየችኝ። «ሁልጊዜ?» አልኳት። «ሁልጊዜ» አለች፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት። ተመልሼ ገባሁና ለሁለቱም ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ይኸው።

እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት ከመጨረሻው ምሽት በቀር አንድም ቀን ኮረብታውን አልወጣሁም። የኮረብታውን ቁጥሮች የጻፍኩት ጋሽ ሙሔ ሱቅ ውስጥ፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጬ፣ ከልቤ እየፈጠርኩ ነው። መዝገቡ ላይ የነበረው ቅባትም የሳምቡሳ ነው።