ከቪዲዮው የቀረው ድምፅ

ሽቦ ይሉታል። ቀጭን ስለሆነ ነው፤ የሊፍት ጠጋኝም ስለሆነ ነው። ቀኑን ሙሉ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሲውል የሰው ድምፅ ከላይም ከታችም ተቀላቅሎ ይመጣለታል፤ እሱም መፍቻውን ይዞ በሐሳብ ጭልጥ ይላል። እናቱ በሕይወት ሳለች "ይኼ ልጅ ቆሞ ነው የሚተኛው" ትል ነበር። አልዋሸችም።

ራስ ምታቱ ቤት ነው ያለው። አባቱ ስመ ጥር አናጢ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር አይነሱም። ታላቅ ወንድሙም አናጢ ነው፤ ግን ከአባቱ ጋር ከተቆራረጡ ዓመታት አልፈዋል። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ቪዲዮ! ሌላ ከተማ ሄዶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተና ሥራውን እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ ይለቀው ጀመር። "የአባቶቼን ሙያ ለአላፊ አግዳሚ በተነው! ከእንግዲህ ልጄ አይደለም" አሉ አባት። እሳቸው ደግሞ ካሉ አሉ ነው።

ሽቦ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቱ ሳያልፉ ሁለቱ እንዲነጋገሩ።

ከሚሠራበት ሕንፃ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ለምኖ አመጣና አልጋው ሥር አኖረው። ኮምፒውተሩ የወንድሙን ቻናል እየጠበቀ፣ አዲስ ቪዲዮ በወጣ ቁጥር ምስሉን ትቶ ድምፁን ያወጣል፤ ከዚያ እንደ ሬዲዮ የሚደመጥ ፖድካስት አድርጎ ለአባት ስልክ ያቀብላል። የማንም ኩባንያ እጅ የለበትም፣ ማስታወቂያም የለውም። ለአባት የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

"ይኼ ማነው?" አሉ በመጀመሪያው ቀን።

"አንድ አናጢ ነው፣ አባባ።"

"ሰውዬው ድምፁ ጎርናና ነው" አሉና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አጠበቁ። የልጃቸው ድምፅ ጠፍቷቸው ነው? ወይ ጉድ! ብቻ ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ "ሰውዬው ዛሬ አልመጣም?" ማለት ለመዱ።

ነገሩ ሰመረ ሲባል ተበላሸ። አንድ ቀን ማዳመጫውን ከጆሯቸው መንጭቀው አወጡት።

"ወሬኛ ነው! ያወራል፣ ያወራል፤ ሲሠራ ግን ሰምቼው አላውቅም። በአፍ አናጢ የለም። አጥፋልኝ!"

ሽቦ ክው አለ። ላስታርቅ ብሎ አባሰው! ቪዲዮውን ራሱ ከፍቶ ቢያይ፣ ወንድሙ ሁለት ቃል ተናግሮ እንጨቱ ላይ ጎንበስ ይላል፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ትንፍሽ ሳይል ይልጋል። ያን ጊዜ ገባው። የስልኩ ቦታ እንዳይሞላ ብሎ፣ ንግግር የሌለበትን ሁሉ ቁረጥ ብሎ ኮምፒውተሩን ያዘዘው ራሱ ነው። "አይ የኔ ነገር! እህሉን ጥዬ ገለባውን አጠራቀምኩ" አለና ትዕዛዙን ሰርዞ ሁሉንም እንደ አዲስ አስወጣ።

"አባባ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ይስሙት።"

እያጉረመረሙ ማዳመጫውን አደረጉ። የከሰዓት ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ ነበር። መላጊያው ሸር... ሸር... ሲል በማዳመጫው ጠርዝ ሾልኮ ለሽቦም ይሰማዋል። የአባት ዓይን ቀስ ብሎ ተከደነ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሄዶ ይመለስ፣ ሄዶ ይመለስ ጀመር። ሽቦ ቆሞ ሲያያቸው ክፍሉ በእንጨት ሽታ የተሞላ መሰለው፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ሲወርድ፣ እሱና ወንድሙ ትንንሽ ሆነው የአባታቸው ጠረጴዛ ሥር ተጋድመው ሲሰሙ ታየው። እንባው መጣ። የደስታ ይሁን የሐዘን እሱም አላወቀው።

ድንገት የአባት እጅ ቆመ።

"ደንዟል" አሉ።

"ምኑ፣ አባባ?"

"መላጊያው ነዋ! ጣውላውን እየቦጨቀው ነው። ይኼ ልጅ ክንዱን ሊጨርስ ነው እንዴ? ለወንድምህ ደውልልኝ!"

ሽቦ ጆሮውን አላመነም። ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ሰጣቸው።

"ሄሎ?" አለ ወንድሙ።

"መላጊያህ ደንዟል።" ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ከወዲያ ማዶ መላጊያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። "አባባ..." አለ ወንድሙ። "ስለት ማውጣት አልቻልኩበትም። እሱን ሳያስተምሩኝ ነው የተጣላነው።"

አባት የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ቀና አሉ።

"አምጣው" አሉት።