ለናቅኩት ቤት ዋስ ፍለጋ

በዚህ ከተማ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ሁለቱን ጎረቤታሞች ያውቃቸዋል። አንደኛዋ «ውይ! ምነው ዛሬ እንዲህ አማረብሽ?» ትላለች። ሁለተኛዋ «እንዴ፣ አልሰማሽም?» ትላለች። ከዚያ ሳሙናው ይመጣል፤ ካልሆነም ዘይቱ፣ ባንኩ ወይም ሲሚንቶው። በሲሚንቶ እንዴት እንደሚያምርባት እግዜር ይወቀው። መጨረሻ ላይ «በይ ነይ አሳዪኝ!» ተባብለው ይሄዳሉ፤ በነጋታው ደግሞ አንዳችም ነገር እንዳልገዙ ሆነው እንደገና ይገናኛሉ።

እነዚህን ሴቶች የፈለሰፋቸው አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ነው። በከተማው ትልቁ እሱ ነው ይባላል። ገበያው ራሱ ከመዳፍ አይሰፋም፤ በእንዲህ ያለ ገበያ ትልቅ መሆን ምን ያስኮራል? ጥሩ ጥሩውን የሬዲዮ ሰዓት ቀድሞ ይገዛና ሌሎቻችንን በፍርፋሪው ያሻማናል። ሠራተኞቹ «ክሪኤቲቭ» ይባላሉ። ሁለት ሴቶችን መንገድ ላይ ከማገናኘት ሌላ የፈጠሩት ነገር ግን የለም። እንቃቸው ነበር፤ ንቀቴንም ለሰማኝ ሁሉ እናገር ነበር።

እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የሽሮ ሜዳ ሱቆች ድምፅ ነበርኩ። ሱቅ በር ላይ በተሰቀለ ሞንታርቦ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲደጋግም የሚውለው ድምፅ የእኔ ነው። ከእናቴ ጋር የምኖረው ቀጨኔ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ቀሚሶቿ መሃል ገብቼ በስልኬ እቀርጻለሁ። የመድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ከተጀመረ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ የጎረቤት ውሻ ከጮኸ እንደገና እጀምራለሁ።

አንድ ደንብ ነበረኝ፤ ያልሞከርኩትን አላስተዋውቅም። ጫማ ከሆነ አድርጌው ከቀጨኔ ዊንጌት ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ጋቢ ከሆነ ለብሼው አድራለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሞንታርቦው ላይ «ለብሼው አድሬያለሁ፣ ምስክር ነኝ!» የምለው። ይህቺ ቃል መለያዬ ነበረች። ድርጅቱን ከላይ ሆኜ እንድመለከተው ያደረገችኝም እሷ ናት። እነሱ ይዋሻሉ፣ እኔ ግን እመሰክራለሁ እል ነበር።

ባለፈው ዓመት ሞንታርቦ ተከለከለ። የወረዳው ሰዎች መጥተው «የድምፅ ብክለት» አሉና ከየሱቁ በር አስወረዱት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለ ሥራ ቀረሁ። ወር ሳይሞላ ከድርጅቱ ተደወለልኝ፤ አንድ ሰው ስለ እኔ ነግሯቸው ኖሯል። አልሄድም አልኩ። እናቴ ያለቀውን የጫማዬን ተረከዝ አየችው። በነጋታው ሄድኩ።

ሥራ አስኪያጁ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቤት ውስጥ የፀሐይ መነጽር ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰው ነው። «ብራንድ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ለፈተና፣ ከውጭ ስለመጣ ብርድ ልብስ ማስታወቂያ ጻፊ አለኝ።

«ብርድ ልብሱን ማየት እችላለሁ?» አልኩት።

«አይተሽ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ይሞቅ እንደሆነ ላውቅ ነዋ።»

ከልቡ ሳቀ። «የኔ እህት፣ መሞቁን የምንነግራቸው እኛ ነን» አለኝና ወረቀት ሰጠኝ።

ደሜ ፈላ። ቆይ፣ ላሳያችሁ አልኩና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለቱን ጎረቤታሞች መሳቂያ አደረግኳቸው። የአንደኛዋ ባል በጊዜ ቤት አይገባም። ሁለተኛዋ ስለ ብርድ ልብሱ ትነግራታለች። ባልየው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከች ይላል። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ሥራ መሄድ ይተዋል፤ ሚስት በደስታ ታለቅሳለች። ጎረቤቲቱ «እኔስ ባል የለኝ፣ ምን ይዋጠኝ?» ስትል፣ «አንቺ ብርድ ልብሱን ግዢ እንጂ ባሉ ራሱ ይመጣል!» ትላታለች።

ሰጠሁትና ቦርሳዬን አንስቼ ቆምኩ፤ እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሰውየው አነበበ፣ ደገመው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ክሪኤቲቮቹን በሙሉ ጠራቸው። ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው አንዷ ልጅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄ ነው ሀበሻ ሀበሻ የሚሸተው!» አለ። ፌዙ የገባው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ያስተካከለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ «ሥራ መተዉ ይቅር፤ ደንበኛችን ሠራተኛ የሚያስተዳድር ሰው ነው።»

ሥራው ያንቺ ነው ተባልኩ። እስከ ሰኞ ደመወዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ዋስ ይዤ እንድመጣ የዋስትና ፎርም ሰጡኝ። በታክሲ ስመለስ ፎርሙን እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣት ነው የያዝኩት።

ቤት ገብቼ ለእናቴ አነበብኩላት፤ አብረን እንድንስቅ ነበር። ሽንኩርት እየከተፈች በጥሞና ሰማችኝና «የት ነው የሚሸጠው?» አለች።

«ምኑ?»

«ብርድ ልብሱ ነዋ።»

«እማዬ! እያሾፍኩባቸው እኮ ነው!»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንቺ እነሱ ላይ አሾፍሽ፣ እኔ ደግሞ ሁለቱን ሴቶች እወዳቸዋለሁ። ማነው አሁን የተሾፈበት?» አለችኝ። ቀጥላም «የናቁት ወንድ ያስረግዛል፤ ወይ ቆርጠሽ ግቢ፣ ወይ እርም በይና ተይው» አለች። ተናድጄ ወጣሁ። ግን ፎርሙን አልጣልኩትም። ዋስ መፈለግ ማለት መቀጠር ማለት አይደለም እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ሐሙስ ዕለት ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ስድስቱን ዓመት ሙሉ ድምፄ ከበራቸው አልጠፋም። ገና ሲያዩኝ ወንበር ሳቡልኝ። መነጽራቸውን አድርገው ፎርሙን ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ታማኝነቷንና መልካም ጠባይዋን በቅርብ አውቃለሁ፤ ለምታጠፋውም ኃላፊ ነኝ።»

«ይሄማ ምን ጥያቄ አለው፣ ልጄ» አሉ። «የት ነው የምፈርመው?»

«ጋሼ፣ ልግባ አልግባ ግን ገና አልወሰንኩም። ውሸታሞች ናቸው» አልኳቸው። የብርድ ልብሱን ነገር ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አዘኑልኝ።

«አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አትችይም» አሉ። «እኔ እኮ እሱን ስለማውቅ ነው ሁልጊዜ የእጅ ፈትሉን ጋቢ የምሰጥሽ። እውነት ካልሆነ በድምፅሽ ያስታውቅብሻል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። «ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ?»

«እርስዎ የሚሸጧቸው።»

«እነሱማ የፋብሪካ ክር ናቸው።» በአፍረት ሳይሆን፣ ግልጽ ነገር ለማያውቅ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገሩት። «የእጅ ፈትል አሁን ማን ይችለዋል? ላንቺ የማስለብሳት አንዷ ነች፤ ስትመልሺያት አጥፌ አስቀምጣታለሁ። ተባረኪ፣ ያንቺን ድምፅ የሰማ ሰው ዳስሶ እንኳ አያይም ነበር።»

ተነስቼ እጄን መደርደሪያው ላይ ሰደድኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያላደረግኩት ነገር ነው። የያዝኩት ጋቢ ቀላልና ደረቅ ነበር፤ እኔ ለብሼው ካደርኩት ጋር አይገናኝም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ነበር። እነዚህን የገዙ ሰዎች በዓይኔ መጡ፤ አንዷ የደጃችን ጎረቤት ናት። ባሏ ታሞ በተኛ ጊዜ ድምፄን ሰምታ ከዚህ ሱቅ ገዛችለት፤ አመስግናኝም ነበር። ብርዱ አልለቀቀውም ስትል በሽታው ነው ብያታለሁ።

አፈርኩ። ከዚያም በላይ ተናደድኩ። ንዴቴ ግን የሚያርፍበት አጣ። ሽማግሌው የሰጡኝን ዕቃ በትክክል ነው የሰጡኝ፤ አንድ ቀን እንኳ «ሌሎቹም እንዲህ ናቸው» አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የናቅኩት ድርጅት ደግሞ ዕቃውን አየሁ ብሎ አያውቅም። አድሬበታለሁ፣ ምስክር ነኝ ብላ ለሕዝብ የማለች ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ከእነሱ የሚለየኝ እውነት መስሎኝ ነበር። የሚለየኝ የእኔ ውሸት የበለጠ መታመኑ ብቻ ነው።

«ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?» አሉኝ።

«ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ።»

ፈረሙ፤ ማህተማቸውን አሹት፣ ትንፋሽ እፍ አሉበትና አሳረፉት። «እግዚአብሔር ያሳድግሽ» ብለው መረቁኝ። ወረቀቱን ነጥቄ መቅደድ ይቻለኝ ነበር። እዚያው ሱቅ ውስጥ ጮኼ መሳደብም እችል ነበር። «አሜን» ብዬ ወጣሁ።

ሦስት ቀን አሰብኩ። ወደዚያ ቤት እንዳልገባ የሚከለክለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእነሱ የተሻልኩ መሆኔ። እሱ ከሌለ የሚቀረኝ የጫማዬ ተረከዝ፣ የእናቴ ዓይንና ሰኞ ነው።

ሰኞ ጠዋት ፎርሙን ለሰው ኃይሏ ልጅ ሰጠኋት። መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ማህተሙ ላይ ነው።

«የሥጋ ዘመድሽ ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትተዋወቁት?»

«ከሐሙስ» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀችና የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። ፈረምኩ።