ያልተሰፋው ኪታብ

ባቡሩ ሞጆ ሲቆም ያ ሸማው የነተበ ሽማግሌ አይወርድም፤ ቆሎውን በመስኮት ይገዛል። ከመቆርጠሙ በፊት ጭኑ ላይ ያለውን የቆዳ ከረጢት ይዘጋል። ውስጡ በእጅ የተጻፈ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ኪታብ ነው፤ ገጾቹን ሆን ብሎ በክር አላሰፋቸውም። ለየከተማው መስጊድ ቅጠል ቅጠሉን በነፃ ያውሳል፤ አንዱ ገልብጦ ለሌላው ያቀብላል።

«እዚህ አይወርዱም እንዴ፣ አባባ?» አለችው ቆሎ ሻጯ ሀጂራ።

«የኪታቤ መሐል እዚህ ቀረ። ዒልም፣ እውቀት፣ የአላህ ነው ብዬ ሰጠሁ፤ የተቀበለኝ ሰው የኔ ነው አለ።»

ሀጂራ ቆሎውን በጣሳ ሰፈረችለት። የተቀበለው አባቷ ነበር። ጠርዞ፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ከሰው የሰሰተውን ለምስጥ አበላው።

ከዚያ ወዲህ ጣሳውን ከሞላች በኋላ እፍኝ ትጨምርለታለች። ስሟን የጠየቃት ቀን ግን የአባቷን አልጨመረችም።