አንድ መደብ ሽንኩርት እስኪጠጣ

ዛሬ ጠዋት የውሃ መሳቢያ ሞተሬን ላስነሳ ስል ጀሪካኑን ጎኑ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ አገኘሁት። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ ያመጣሁት ቤንዚን ነው፤ ሻጩ እንደ ልማዱ ከክዳኑ ሥር ፌስታል አድርጎ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶልኛል። ሌሊት ሲበርደው ተሸማቆ ያደረ ይመስላል። ክዳኑን ላላ ሳደርገው ጀሪካኑ አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ ደክሞት የተቀመጠ ሰው እንደሚስበው ያለ ረጅም ትንፋሽ ነበር። ከዚያ ጎኑ ድም ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ክዳኑን በእጄ እንደያዝኩ ከሽንኩርቱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ይችን ድምፅ አውቃታለሁ። መጀመሪያ የሰማኋት ከዚህ ማሳ ማዶ፣ ታላቅ ወንድሜ በገዛ እጁ ከሠራት አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ነበር።

አውሮፕላን ስላችሁ ሰማይ ላይ ጭስ እየጎተተ የሚያልፈውን እንዳታስቡ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አጥንቷ የብረት ቱቦ፣ ክንፏ በቀለም የጠነከረ ጨርቅ የሆነች ነገር ነበረች። የሐይቅ ሰው "ክንፍ ያላት ባጃጅ" ይላት ነበር፤ ወንድሜም ስሙን ወዶት አብሮ ይስቅ ነበር። ዐረብ አገር ሄዶ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት ግቢ በአጣቢነት ተቀጠረ፤ ዓይኑ ያየውን እጁ እየለመደው መካኒክ ሆነ። እኩዮቹ ቴሌቪዥንና ወርቅ ይዘው ሲመለሱ እሱ አንድ አሮጌ ሞተርና በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ጌጆች ይዞ መጣ። አንዱ ፍጥነት፣ አንዱ ከፍታ፣ አንዱ ደግሞ ቤንዚን ወደ ሞተሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚሄድ የሚያሳይ ነበር። ሠፈሩ "ላም አለኝ በሰማይ" እያለ ሲቀልድበት እሱ ክንፎቿን ከሽንኩርት ማከማቻችን ውስጥ ሠርቶ ጨረሰ። የመብረሪያ ፈቃዱንም ስንት ደጅ ጠንቶ፣ ከሽንኩርታችን ማዶ ካለው ሜዳ አልፎ እንዳይሄድ ተብሎ አገኘው።

እኔ ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ኮረዳ ነበርኩ። እስከዚያው ሽንኩርቱን የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ወንድሜን ስለምወደው ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ደስ ስለሚለኝ፣ ውሃው መደቡን እስኪሞላ እየሮጥኩ ሄጄ አየው ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ። በዕቃ የሚናደድ ሰው አልነበረም። አውሮፕላኗን ገና መሬት ላይ ማንከባለል ሲጀምር የፍጥነቱ ጌጅ አልንቀሳቀስ አለ። ጓደኛው የባጃጅ መካኒኩ "ጣለው፤ የሞተ ዕቃ ነው የሸጡልህ" አለው። ወንድሜ ግን ከጌጁ ጀርባ ቀጭን ጎማ ሰካና ሌላውን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። "ንፊበት። እሳት እንደምታራግቢ አይደለም፣ ሻይ እንደምታቀዘቅዢ ነው" አለኝ። ቀስ ብዬ ስነፋ ቀስቱ ከተኛበት ተነሳ። ጌጁ ደኅና ነው ማለት ነው። ከዚያ ከክንፉ ሥር ወደ ፊት ወደ ወጣችው፣ ነፋስ ወደምትቀበለው ቱቦ ሄዶ ቢያይ፣ ተርብ በጭቃ ደፍኗት ቤት ሠርቶባታል። በሽቦ እየጠረገ "አውሮፕላን በትንንሽ ቀዳዳ ነው የምትኖር፣ እታለም" አለኝ። ይሄን ንግግሩን ያኔ ከምር አልወሰድኩትም።

አባታችን ግን በዚህ ሁሉ አልተደሰቱም። እናታችንን ከቀበሩ ወዲህ የሁለታችን ነገር ያስፈራቸው ነበር፤ ውጫሌ ገበያ ውለን ስንመለስ እንኳ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። አንድ ቀን ከሰው ፊት ቁርጡን ነገሩት። "ምድር ላይ የምትጠፋ ሞተር ሰማይ ላይ አትጠፋም ያለህ ማነው? የኔ ሞተር አንድ መደብ ሽንኩርት ሳታጠጣ አታርፍም። ያንተይቱም እሷን እስክታክል ካልቆየች ከመሬት አትነሳም። ወላሂ ክንፏን አቅፌ ነው የምተኛ።" ወንድሜ "አብሽር አባባ፣ እሺ" አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ከሜዳው እጁን ሲያወጣልኝ እኔ የውሃ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ እሱም የሱን ያስነሳል። የእኔዋ ወፍራም ድምፅ፣ የሱዋ ቀጭን። መደቡ ሞልቶ እስካጠፋት ድረስ የሱዋ ካልጠፋች አባቴ ተረቱ ማለት ነው።

ሜዳው ደግሞ የውሰት ነበር። ባለቤቱ የአባቴ የልብ ወዳጅ የሆኑ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው፤ አዝመራቸው ከተነሳ በኋላ ነው የፈቀዱልን። "ሞፈሬን ሰቅዬ እጠብቃችኋለሁ። በልጉ ካካፋ ግን በሬዎቼን ለይሉኝታ ብዬ አላስቆምም። የግሸኗ እመቤት ትርዳችሁ" አሉ። አባቴም "አሚን" አሉ፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን አላህ ይወቀው።

ነዳጅ የመሙላቱ ሥራ የአባቴ ነበር። ነገሩን ባይወዱትም ልጃቸው በቆሻሻ ቤንዚን እንዲሄድ አልፈለጉም። የሽንኩርቱን ጀሪካን ተሸክመው ይመጣሉ፣ በጨርቅ አጥልለው ወደ አውሮፕላኗ ታንክ ይቀዳሉ፣ መቃ ነክረው ልኩን ያያሉ፣ ራሳቸው ከድነው በሽርጣቸው ጫፍ ይወለውሉታል። ክዳኑን ማንንም አያስነኩም ነበር።

እናም የአውሮፕላኗ ሞተር ጠፋ። አንድ ቀን አይደለም፣ በሞከርን ቁጥር። አነሳሱ ያማረ ነው፤ ውሃው መደቤን ግማሽ ያህል ሲደርስ ግን ቀጭኗ ድምፅ ትሰልላለች፣ ትደክማለች፣ ዝም ትላለች። ከዚያ የእኔዋ ብቻዋን ስትጮኽ ይሰማል። ያን ያህል ሞተራችንን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ሞተሩ ሊጠፋ ሲል የቤንዚኑ ጌጅ ቀስት ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። አባቴ ሮጠው ክዳኑን ከፍተው መቃቸውን ይነክሩና "ሙሉ ነው" ይላሉ፤ መልሰው ይከድናሉ። ወንድሜ ከሞተሩ በኩል ቱቦውን ሲነቅለው ቤንዚኑ እንደ ምንጭ ይፈሳል። ሲያስነሳው እሺ ብሎ ይነሳል፣ ቆይቶ ደግሞ ይጠፋል። የሜዳው ባለቤት ይሄን አይተው "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው" አሉ። ያልተናገረ ሰው አልነበረም። አንዱ አየሩ ስስ ነው አለ፣ አንዱ ዓይን ነው አለ፣ ሁሉንም ነቅለህ ቀይር ያለውም ብዙ ነው። ወንድሜ ለሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማና በቀን አንድ ነገር ብቻ ይነካል። ዛሬ ፊልትሮውን ፈትቶ ያጥባል፤ ነገ ካርቡራተሩን። የፈታውን በነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ይደረድረዋል፣ ቤንዚኑን በሻይ ብርጭቆ ቀድቶ ውሃ ወይም አቧራ እንዳለው በፀሐይ ያየዋል። "ሁሉንም ባንዴ ከነካሽ፣ ቢድን እንኳ ምኑ እንዳዳነው አታውቂም" ይለኛል። እኔ እስከ ዛሬ ነገር ሲበላሽብኝ፣ ትዳርም ቢሆን፣ የማስበው ይችን ነው።

የባጃጁ መካኒክ "የሚዋሸው ጌጁ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ወንድሜ አልተከራከረውም፤ ሌላ ጌጅ አምጥቶ ገጠመና አስነሳ። አዲሱም ቀስ ብሎ ወረደ፣ ሞተሩም ጠፋ። "ሁለት ምስክር አንድ ቃል ከሰጠ ዳኛው ምን ያደርጋል?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከአምባሰል ተራሮች በላይ ዳመና መቋጠር ጀመረ። የሜዳው ባለቤት ማረሻቸውን ሊያስሉ ይዘው ሲያልፉ ወንድሜን አይተው አንገታቸውን ሰበሩ። ምሳ ይዤለት ስሄድ ከክንፏ ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል፤ እጁ ላይ ምንም ዕቃ የለም። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ድንገት "አንቺ ከሩቅ ነው የምትሰሚው። ሲጠፋ እንዴት ነው የሚለው?" ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩና "አይደናቀፍም። ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ነው ቀስ እያለ የሚደክም" አልኩት። እንጀራውን እንደጎረሰ ማላመጡን ተወና ወደ ክንፉ፣ ተርቡ ቤት ወደ ሠራባት ቱቦ ዞሮ አየ።

በማግስቱ ሞተሩ እንደ ልማዱ ጠፋ። እኔም የእኔዋን አጥፍቼ ሮጥኩ። አባቴ መቃቸውን ይዘው ወደ ታንኩ ሲሄዱ ወንድሜ ቀደማቸው። "አባባ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ። እናንተም ዝም በሉልኝ" አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ዝም ተብሎ አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን የሐይቁ ወፎች ድምፅ ብቻ ቀረ። ወንድሜ ጆሮውን አስጠግቶ ክዳኑን በጣም ቀስ ብሎ ላላ አደረገው። ታንኩ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ሁላችንም ሰማነው።

ክዳኑን ሲገለብጠው አጠገቡ ነበርኩ። ከሥሩ፣ እንደ ክዳኑ አፍ በክብ የታጠፈች፣ በቤንዚን የራሰች ሰማያዊ ፌስታል ተለጥፋለች። ክዳኑ ላይ ወንድሜ ራሱ አየር ማስገቢያ የበሳት ቀዳዳ ነበረች፤ ፌስታሉ እሷን ደፍኗታል። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ የያዘውን አይለቅም። አባቴ ልኩን ለማየት በከፈቱት ቁጥር አየር ይገባል፤ ስለዚህ ስንፈትሸው ደኅና ነው፣ ስንከድነው ይታፈናል። በእኛ አገር ጀሪካን ያለ ፌስታል የሚከድን ሰው የለም። አባቴም ቀዳዳዋን አይተው ሲበሳ የተበላሸ ነገር መስሏቸው፣ የልጃቸው ቤንዚን ጠብ እንዳይል ብለው፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አድርገው ከደኑ። መናገርም አላስፈለጋቸውም፤ በር ዘጋሁ ብሎ የሚናገር ማን አለ?

ወንድሜ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ክዳኑን የሚዘጋው ማን እንደሆነ ሜዳው በሙሉ ያውቃል። እኔ ብሆን በደስታ ጮኼ ፌስታሉን ከፍ አድርጌ አሳይ ነበር። አባቴ መቃቸውን እንደያዙ "ምን ሆነ?" አሉ። ወንድሜ ጣቶቹን አጠፈ። "ቆሻሻ ነው፣ አባባ። ቀዳዳዋን ቆሻሻ ይዟት ነው" አለና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያን ሁሉ ቀን የደከመበትን ነገር እንደዚያ አድርጎ ዋጣት። ከሠራት አውሮፕላን ይልቅ የምኮራው በዚያች አንድ ቃሉ ነው።

ግን አባቴ ነገም ይከድናሉ። እሱም አስቦበት ነበር። "አባባ፣ ነዳጁን ማንም ይቀዳዋል። ለኔ የቸገረኝ ጌጁን የሚጠብቅልኝ የታመነ ሰው ነው። እዚህ ወንበሯ ላይ ይቀመጡልኝ" አላቸው። የእኔን የጥፍር ቀለም አስመጥቶ በጌጁ መስተዋት ላይ ቀይ መስመር አሰመረ። "ቀስቷ ከዚህ ከወረደች ይንገሩኝ።" አባቴ ተሹመው ሽርጣቸውን ሰብስበው ወንበሯ ላይ ወጡ። ክዳኑን ወንድሜ ራሱ ዘጋው። ከፊት ያለው ውልብልቢት ሲሽከረከር አባቴ በሁለት እጃቸው ወንበሩን ጨብጠው ከመስመሯ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

እኔ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ውሃው በቦዩ ሄደ፤ የቤንዚን፣ የረጠበ አፈርና የሽንኩርት ቅጠል ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን ሞላው። መደቡ ግማሽ ሲደርስ ወደዚያ ማየት ፈርቼ ጀርባዬን ሰጠሁ። ውሃው ተጋፍቶ ዳር ደረሰ፣ ሞላ፣ በጠርዙ መፍሰስ ጀመረ። ሞተሬን አጠፋኋት። ዝም ስትል፣ ከሜዳው ማዶ ቀጭኗ ድምፅ ብቻዋን ቀረች። አልጠፋችም። ከድምፁ በላይ የአባቴ ጩኸት ይሰማኝ ነበር፤ "አለች! ቀስቷ አለች!" ይላሉ። ከጭቃው መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ካፊያው ሳይጀምር ወንድሜ በረረ። ረጅም አልነበረም፤ ከሜዳው ተነሳ፣ የሐይቁ ብርሃን ከክንፉ ሥር አንድ ጊዜ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ፈቃዱ እንዳዘዘው ከሜዳው ሳያልፍ ወረደ። አባቴ "ቢስሚላህ" ብለው ለቀቁት። በሳምንቱ በሬዎቹ ሜዳው ላይ ነበሩ። ወንድሜም ወደ ሥራው ዐረብ አገር ተመለሰ፤ ክንፎቹ ዛሬም ከማከማቻው ጣሪያ ሥር ተሰቅለዋል።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሰርግም ይሁን ሐዘን የተገኙበት ሁሉ ይሄን ወሬ ሳያወሩ አይነሱም ነበር። "ልጄ ሲበር አንዲት ጠብታ ቤንዚን ያላስባከንኩ እኔ ነኝ" ይሉ ነበር። ወንድሜ ለዕረፍት መጥቶ አጠገባቸው ሲቀመጥም "እውነታቸውን ነው" ይላል፤ ወደ እኔ ግን አያይም። አምና እሳቸውም ወደ አኼራ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ክዳኑን እንደያዝኩ ደወልኩለት። ከኋላው የብረት ድምፅ ይሰማል፤ ሥራ ላይ ነበር። የጀሪካኑን ትንፋሽ ነገርኩትና "ለአባባ እስከ መጨረሻው አልነገርካቸውም አይደል?" አልኩት።

"ምኑን?"

"የፌስታሉን ነዋ።"

ከአጠገቡ ያለውን ሰው በዐረብኛ አንድ ነገር ብሎ ወደ እኔ ተመለሰ።

"የምን ፌስታል? ቆሻሻ ነበር እኮ፣ እታለም" አለኝ።

የጀሪካኑን ፌስታል አጥፌ ኪሴ ከተትኳትና ሞተሬን አስነሳሁ።