የመሸኛ ደብዳቤው ሁለተኛ አንቀጽ

የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ነኝ። ከዞን መሥሪያ ቤት ጡረታ ስወጣ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ከባለቤቴ ጋር ከምነታረክ በነጻ ላገልግላችሁ አልኳቸው። እነሱም ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ብለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና ወረቀት መብላት የሚወድ ፕሪንተር ሰጡኝ። ቢሮዬ በከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ በሴቻ ካለው አዳራሻችን ጎን ነው። በአንዱ መስኮት የአባያን ሐይቅ አያለሁ፤ በሌላው ግቢውንና የዕቃ ክፍሉን።

ሥራዬ የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስታወቂያ፣ ቃለ ጉባኤና መሸኛ መጻፍ ነው። መሸኛ የሚባለው አንድ ምእመን ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ እዚያ ያለችው ቤተ ክርስቲያን እንድትቀበለው የምንጽፍለት ደብዳቤ ነው። ያለ እሱ የትም ሄዶ አያገለግልም። ጽሑፉ ኮምፒውተሬ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ እኔ ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ እየቀየርኩ አትማለሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሰውዬው ከመቼ እስከ መቼ አባል እንደነበረ ይናገራል። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ "በእኛ ዘንድ በነበረበት ጊዜ በመልካም ምስክርነት የኖረ መሆኑን እናረጋግጣለን" ይላል። ሚስቱን የሚደበድበውም፣ ጎረቤቱን ሲያማ የሚውለውም ያችኑ ይዞ ሄዷል። አንድም ቀን ቆም ብዬ አስቤበት አላውቅም።

የኳየር አሰልጣኛችን ከገረሴ የመጣ ሰው ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ እወደው ነበር። ሲዘምር ሽማግሌው ሁሉ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል። ለራሴ ምሳ ስቋጥር ለእሱም ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የሚሠራውን ፎሰሴ እቋጥርለት ነበር፤ "እናቴ፣ ጌታ ይባርክሽ" ይለኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት የኳየሩ ልምምድ ሲያልቅ አንዳንዶቹን ልጆች ለብቻ ያሰለጥናል። የሚያሰለጥነው የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ሞንታርቦና የተሰበረ ወንበር በተቆለለበት። ድምፅ ጎረቤት እንዳይረብሽ ብሎ በሩን ይዘጋዋል። ከመስኮቴ ሆኜ አይ ነበር። ኪቦርዱ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ጸሎት ያዙ እልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ከዘማሪዎቹ አንዷ ቢሮዬ መጣች። የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ ነርስ ልትሆን የምትማር፣ ከኳየሩ ሁሉ ድምፅዋ የሚለይ።

"እትዬ፣ ስሜን ከዝርዝሩ ያውጡልኝ" አለችኝ።

"ምነው? ባል አገኘሽ እንዴ?" አልኳትና በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "ብታገኚስ፣ ለሠርግሽ ማን ሊዘምር ነው ትተሽን የምትሄጂው?"

አልሳቀችም። በሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ "ትምህርት በዝቶብኝ ነው" አለች። እኔም መነጽሬን አድርጌ ስሟን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ እናቷ መጣች። ከደጋው፣ ከኦቾሎ የመጣች ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ገበያ ሙዝና አቮካዶ እየሸጠች ነው ልጇን ያስተማረችው። ሙቀቱ በጠናበት ሰዓት ከገበያ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ፣ ከነላቧ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ውኃ ስሰጣት አልጠጣችም።

"ልጄ እህል አልቀምስ አለች" አለችኝ። "ያ ሰውዬ በሩን ዘግቶ፣ ልጸልይልሽ ብሎ እጁን ሰደደባት። ጮኻ፣ ታግላ ነው ያመለጠችው። አንዴ ብቻም አይደለም። መጀመሪያ ጊዜ የተሳሳተ መስሏት ዝም ብላ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገረችንም?" አልኳት።

"ለእርስዎ ልትነግር መጥታ ነበር። ሳቁብኝ ነው ያለችኝ።"

ምላሴን በቆረጠው! ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ራት አልበላሁም። አንዲት ልጅ ያን ሁሉ ተሸክማ ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ እኔ በባል ቀልጄባት መለስኳት።

በማግስቱ ለሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነገርኩት። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ጥሩ ሰው፣ ግን ግርግር የሚፈራ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሰውየውን ጠሩት። መጀመሪያ ካደ፤ ከዚያ ሌሎች ሁለት ልጆችም እንደተናገሩ ሲሰማ አለቀሰና አመነ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ፈረሙበት፤ እሱም ፈረመ። ከዚያ ሰብሳቢው "እንግዲህ የጌታ ስም ሳይሰደብ በእርቅ እንጨርሰው" አለ።

በእኛ በጋሞ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ደጅህ ላይ ከተንበረከኩ፣ ወንድምህን የገደለብህን ሰው ማር ቢሉህ እንኳ እንቢ አትልም። እንቢ ያለ ከሰው ተራ ይወጣል። ልማዱን እወደዋለሁ፤ ስንት ደም አድርቋል። ወይ ጉድ! እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ቆመው የአባቶችን ሥርዓት የሚያጣጥሉት ሁሉ ያን ቀን ሳር አጭደው መጡ። ሴት ትኑርበት ተባለና እኔንም አስከተሉኝ።

ሲቀላ ባለችው የእናትየዋ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሰባት ሽማግሌዎች በመስመር ተንበረከኩ። እኔም ተንበረከክሁ። አዎ፣ ሳር ይዤ፣ ከእነሱ ጋር። ያቺ እናት ምን ታድርግ? ኦቾሎ ተወልዳ ያደገች ሴት ሳር አትመልስም። በሁለት እጇ ተቀበለችና "ይቅር ብያለሁ" አለች።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። "እኔም ይቅር ብያለሁ" አለች። "ሰውየው ግን አሁን ወዴት ነው የሚሄደው?"

ሰብሳቢው ደስ ብሎት ተነሣ። "ሌላ ከተማ ያለች ቤተ ክርስቲያን ለአሰልጣኝነት ጠይቃዋለች። በዚህ ወር ይሄዳል። ከእንግዲህ ዓይኑን አታይውም፣ ተገላገልሽ ልጄ" አላት።

"እዚያ ላሉት ልጆች ማን ይነግራቸዋል?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ጌታ ይጠብቃቸዋል" አለ። ልጅቷ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ከጉልበቴ ላይ አቧራ እያራገፍኩ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢው ብቅ አለና "እህታችን፣ መሸኛውን እንደተለመደው አዘጋጂለት" ብሎኝ ሄደ። የመጣበትን ጊዜ ለማየት የሰውየውን ፋይል አወጣሁ። ከገረሴ ይዞት የመጣው መሸኛ እዚያው አለ። ሁለተኛው አንቀጽ ቃል በቃል የእኔው ነው፦ በመልካም ምስክርነት የኖረ። ከግርጌው የቤተ ክርስቲያኗ ጸሐፊ ፊርማና የእጅ ስልኳ ሰፍሯል። ደወልኩላት።

ማን እንደሆንኩና ስለማን እንደምጠይቅ ስነግራት "እናንተም ጋ?" አለች።

"እናንተም ጋ ማለት ምን ማለት ነው?"

"እኛም ጋ ሳር ይዘው ሄዱ።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ ይህን እያወቅሽ ያቺን ደብዳቤ በምን እጅሽ ጻፍሻት? አንቺ ሴት አይደለሽም? እግዚአብሔርን አትፈሪም?" ጮኽኩባት። ያኔ ብታዩኝ እኔ በሕይወቴ ስሕተት ሠርቼ የማላውቅ እመስል ነበር።

"ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩ" አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "አንቺስ ምን ልትጽፊ ነው?"

ስልኩን ዘጋችው። ኮምፒውተሩ ላይ የተለመደው ደብዳቤ ተከፍቶ የስም ቦታው ባዶውን ይጠብቀኛል። ተናድጄ ብዙ ቆየሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ከዚያ ሁለተኛውን አንቀጽ አጠፋሁትና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "በእኛ ዘንድ በነበረበት ጊዜ በኳየር አባላት ላይ ፆታዊ ትንኮሳ መፈጸሙን በሽማግሌዎች ፊት አምኗል። የአንዷ ቤተሰብ ይቅርታ አድርጎለታል። ሴቶችንም ሆነ ወጣቶችን በሚያሰለጥንበት አገልግሎት ላይ እንዳይመደብ እናሳስባለን።"

ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ አነበብኩላቸው። ቤቱ ተናወጠ። አንዱ "ሳር ተይዞ የተዘጋ ነገር ይከፈታል እንዴ? እርቅ ማፍረስ ነው!" አለ። ሌላው "በስም ማጥፋት ይከሰናል" አለ።

"አምኖ ፈርሟል፤ እናንተም ፈርማችኋል። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፣ ይክሰስ" አልኩ። "ደግሞ ሳሩ ከዚች ቤት ጋር ነው ያስታረቀው። የሚሄድበት ከተማ ያሉ ሴቶች ሳር ተቀብለዋል? በሉ ንገሩኛ! እኔን የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ትፈርማላችሁ፣ ካልሆነም ሌላ ጸሐፊ ትፈልጋላችሁ። ያችኛዋን ከእንግዲህ አላትምም።"

ሰብሳቢው "እህቴ፣ ረጋ በይ እንጂ" አለኝ። አልረጋሁም፤ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም።

ጥግ ላይ ከደጋ የመጡ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በስብሰባ ላይ አይናገሩም ማለት ይቻላል። ሳሩን በእጃቸው ያጨዱት እሳቸው ነበሩ።

"ስሕተቱ የእኛ ነው" አሉ። "አባቶቻችን ዱቡሻ ላይ፣ በአደባባዩ ማለቴ ነው፣ ሲያስታርቁ አይቻለሁ። ጥፋተኛው መጀመሪያ ሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል። ሁሉም ይሰማል። ሳሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ሳሩን አስቀድመን ጥፋቱን ሸፈንበት። ያንን እርቅ አይሉትም።" እስክሪብቶዬን ጠየቁኝ። አንብበው መጀመሪያ የፈረሙት እሳቸው ሆኑ።

ሌሎቹም አንድ በአንድ ፈረሙ፤ ሰብሳቢው የመጨረሻው ነበር። ማኅተሙን በላዩ መታሁበት።

በማግስቱ ሲቀላ ሄጄ ደብዳቤውን ለልጅቷ አሳየኋት። በመሳቄም ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሳር ሳልይዝ፣ እንድትቀበለኝ ሳላስገድዳት። "አስቤበት እነግርዎታለሁ" አለችኝ። መብቷ ነው። ይቅርታ ሌላ ሕግ ሌላ መሆኑን፣ ብትፈልግ ፖሊስ ጋም ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይም አብሬያት እንደምሄድ ነገርኳት። ሳምንት አስባ እንሂድ አለች፤ ሄድን። ነገሩ ገና አላለቀም። ኳየሩም ጋ አልተመለሰችም፤ እሑድ ስትመጣ ከኋላ ትቀመጣለች። ለብቻ ማሰልጠን ቀርቷል፣ የዕቃ ክፍሉም በር መስታወት ገብቶለታል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው የሚያናግራቸው ሁለት ሴቶች ሲመረጡ አንዷ እኔ ሆንኩ። አሁን ሰው ቢሮዬ ሲገባ መጀመሪያ አፌን እዘጋለሁ፤ ለእኔ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ደብዳቤው፣ ለእሱ ሳይሰጥ፣ አሰልጣኝ ወደጠየቀችው ቤተ ክርስቲያን በፖስታ በተላከ ቀን ገረሴ እንደገና ደወልኩ። ስለጮኽኩባት ከንክኖኝ ነበር።

"የጻፍኩትን ላነብልሽ ነው" አልኳት። ሁለተኛውን አንቀጽ አነበብኩላት።

"ድገሚልኝ" አለች። ኔትወርኩ የቆራረጠው መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላት።

"አንዴ ቆዪኝ" አለች። ወንበር ሲንኳኳ፣ በር ሲከፈት ተሰማኝ። በጋሞኛ ሰው ጠራች፤ "ልጄ፣ ነይ፣ ቁጭ በይ" ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

"ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ። እኛ ጋ እሱ የበደላት ልጅ እሷ ናት፤ ልጄ ናት። ያንን ደብዳቤ ከጻፍኩለት ወዲህ ዓይኔን አይታኝ አታውቅም። እባክሽ ለእሷ አንብቢላት።"

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁትና እንደገና አደረግሁት። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት።